የዕጩ መኮንን መሰናዶ በጅማ፦ የአራት ወር ክፍያችን ምን አስገኘ?

ባለፈው ክረምት ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዋን ተፈትና ወደ ቤት በተመለሰች በሳምንቷ፣ ወጣቶችን ለዕጩ መኮንንነት ምልመላ አዘጋጃለሁ ብሎ በከተማችን በጅማ በተከፈተ አንድ አነስተኛ የግል ማሠልጠኛ አስመዘገብኳት። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አራት ወር ተማረችበት፤ እኔም አራት ወር ከፈልኩበት። የማሠልጠኛውን ስም አልጠቅስም። ቤቱ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ነው፤ የማነሣቸው ጉድለቶችም አብዛኞቹ ባለቤቱ ከፈለጉ በአንድ ሳምንት ሊያርሟቸው የሚችሉ ናቸው። ሌላው ወላጅ ደግሞ ከዚህ ቤት ስም ይልቅ፣ ተመሳሳይ ቤት በር ላይ ሲቆም ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅ የበለጠ ይጠቀማል። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዓይኔ ክፍያና ደረሰኝ ላይ ቢበዛ አንባቢ ይታገሠኝ።

ማሠልጠኛው ወደ ጅሬን በሚያወጣው አቅጣጫ አንድ ሰፊ ግቢ ተከራይቶ ይሠራል። ባለቤቱ ከሠራዊቱ በጡረታ የተሰናበቱ ሻለቃ ናቸው፤ ሌላ አንድ የሒሳብ መምህር፣ አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት እና የአካል ብቃት የሚያሠራ አንድ ወጣት አሉ። የምዝገባው 500 ብር፣ የወሩ 1,800 ብር ነው፤ በዚህ ላይ ቱታ ከእነርሱ ብቻ እንዲገዛ ይጠየቃል፣ ዋጋውም መርካቶ ከሚሸጠው ተመሳሳይ ቱታ በግማሽ ያህል ይበልጣል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ሩጫና የአካል ብቃት፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ እና አፕቲትዩድ ይሰጣል። ቅዳሜ ሰልፍ፣ የቃለ መጠይቅ ልምምድ እና ሻለቃው ራሳቸው የሚያስተምሩት የታሪክ ክፍለ ጊዜ አለ። በልጄ ዙር ሠላሳ አራት ወጣቶች ነበሩ፤ ስምንቱ ሴቶች ናቸው።

ልጄን ሳስመዘግብ የሄድኩት ለአካል ብቃቱ ነበር። ትምህርቷን ጎበዝ ናት ብዬ አምን ነበር፤ የሚያሰጋኝ ቀጭን መሆኗና ሩጫ አለመልመዷ ነው። አራቱ ወር ሲያልቅ ግን ለከፈልኩት ገንዘብ ዋናውን ዋጋ ያገኘሁት ሳላስበው ከሒሳቡ ክፍል ሆኖ አገኘሁት፤ ስለዚህ በዚያ ልቆይ።

የሒሳብ መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም አንድ ወረቀት አደሏቸው። በወረቀቱ ላይ የነበረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ አይደለም፤ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ንጽጽር፣ አሉታዊ ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ፣ ማለትም አብዛኛው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ነው። ካልኩሌተርም ሞባይልም አይፈቀድም። ልጄ ከሃያው ሰባት ብቻ አመጣች። ቤት መጥታ ስታለቅስ መጀመሪያ የተናደድኩት በመምህሩ ነበር፤ ወረቀቱን ተቀብዬ ስመለከተው ግን ስህተቶቿ የመርሳት ሳይሆኑ ድሮም ያልያዙ ነገሮች መሆናቸው ታየኝ። ክፍልፋይን በክፍልፋይ ስታካፍል የምትገለብጠው የቱን እንደሆነ በደመ ነፍስ ነው የምትሠራው፤ አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ አይሳካም፤ ለምን እንደሚገለበጥ ግን በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

መምህሩ ሠላሳ አራቱን በሦስት ከፈሏቸው፤ አከፋፈላቸውም በክፍል ደረጃ ሳይሆን በስህተታቸው ዓይነት ነበር። ልጄ ያለችበት ቡድን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከክፍልፋይ አልወጣም። እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ መልሱን ብቻ ጽፎ መውረድ አይፈቀድለትም፣ ለተቀመጡት እያስረዳ መሥራት አለበት። «አልገባኝም» ያለ ሰው አይሳቅበትም፤ ገብቶኛል ብሎ ማስረዳት ያቃተው ግን በማግስቱ መጀመሪያ የሚወጣ እርሱ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ጥያቄዎቹን ከሩጫቸው ጋር ማያያዝ ጀመሩ፦ ከአዌቱ ድልድይ እስከ ጅሬን ዳገት ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው ራሳቸው ይመዘግባሉ፣ ከዚያ አማካይ ፍጥነት፣ ዳገቱ ላይ የጠፋውን ጊዜ፣ በመቶኛ የመጣውን ለውጥ ያሰላሉ። ልጄ የራሷን የሩጫ ሰዓት በግራፍ ሠርታ ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው። እስከ ዛሬ አላነሣችውም።

ይህን ሁሉ በሌላ ነገር ባልመዝነው ኖሮ ይህን ያህል አላደንቀውም ነበር። የምመዝንበትን ሚዛን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። በአሜሪካ በሜሪላንድ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ በዚያው ክረምት፣ በልጄ ዕድሜ፣ ለተመሳሳይ ዓላማ ተመሳሳይ ጉዞ ጀምሮ ነበር። እርሱ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1845 በተመሠረተው በአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ነው። የመጣለት መልስ እሺም እምቢም አልነበረም፤ መጀመሪያ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በኒውፖርት ከተማ በሚገኘው የአካዳሚው መሰናዶ ትምህርት ቤት አሥር ወር ገደማ ተማር የሚል ነበር። ወንድሜ ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ የተከፋ ሰው ድምፅ ነበር፤ ልጁ እንደወደቀ ቆጥሮት ነው። ነገሩን ቀስ ብለን ስንረዳው ግን ሌላ ሆኖ አገኘነው። ለዚያ መሰናዶ ለብቻው ማመልከቻ የለም፤ ወደ አካዳሚው ካመለከቱት መካከል ጠባዩንና ፍላጎቱን ወደውለት፣ ትምህርቱ ግን ትንሽ ይቀረዋል ያሉትን ወጣት የቅበላ ቦርዱ ራሱ መርጦ ይልከዋል። ከተማሪው ክፍያ አይጠየቅም፤ እንዲያውም በየወሩ መጠነኛ ደመወዝ ይታሰብለታል።

የኒውፖርቱ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1915 የተጀመረው በአገልግሎት ላይ የነበሩ መርከበኞች ወደ አካዳሚው ለመግባት እንዲበቁ ለማስተማር ነበር። የምድር ጦሩም የራሱ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ተቋቁሞ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ኖሮ በ2011 የጦሩ አካዳሚ ወደሚገኝበት ወደ ዌስት ፖይንት ገብቷል። የአየር ኃይሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተ ሲሆን በኮሎራዶ ስፕሪንግስ በአካዳሚው ግቢ ውስጥ ይገኛል። እኔን የገረመኝ ታሪካቸው ሳይሆን የዕለት ፕሮግራማቸው ነው። የወንድሜ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልኩን ተቀብለውት ስለነበር ድምፁን አልሰማንም፤ ሲመለስለት የመጀመሪያው ወሬው ስለ ጠመንጃ ወይም ስለ መርከብ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ፣ «አክስቴ፣ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ነው» አለኝ። ሒሳብ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ እና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ሰልፍና ሩጫ አለ፣ ማለዳ መነሣትና አልጋ አስተካክሎ ማንጠፍ አለ፤ የመሰናዶው የጀርባ አጥንት ግን የትምህርት ክፍሉ ነው፤ ሰው ከዚያ የሚሰናበትም አብዛኛውን ጊዜ ፑሽ አፕ ስላቃተው ሳይሆን ውጤቱ ስለወረደ እንደሆነ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ የአክስትና የአጎት ልጆች በየእሑዱ እየተደዋወሉ ማነጻጸር ያዙ። ልጄ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ለሩጫ ስትወጣ በእርሱ ዘንድ ገና ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ስለ ማርሽ ያወሩ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ስጥል፣ ስለ ሎጋሪዝም ሲከራከሩ አገኛቸው ነበር። የጅማው የሒሳብ መምህር ኒውፖርትን አይተውት አያውቁም፤ ነገር ግን ወጣቱን ካለበት ደረጃ ሳይሆን ከተሰነጠቀበት ቦታ ጀምሮ መጠገን የሚለውን ራሳቸው ደርሰውበታል። ለዚህ ሥራቸው አምስት ከአምስት እሰጣለሁ፤ የማሠልጠኛው ባለቤትም ደመወዛቸውን ቢጨምሩላቸው የሚጸጸቱ አይመስለኝም።

ይህን የመሰለ አንድ ተጨማሪ የዝግጅት ጊዜ ለእኛ አገር እንግዳ ነው እንዳንል፣ መሰናዶ የሚለውን ቃል እኛ ራሳችን ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንጠቀምበት ኖረናል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው በመገኘታቸው፣ መንግሥት ሪሜዲያል የተባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች እንዲሰጥ አድርጓል። በሰፈራችን ሪሜዲያል የገባ ልጅ እንዳፈረ ይሸማቀቃል፤ ወንድሜም በሜሪላንድ በመጀመሪያው ቀን የተሸማቀቀው በዚያው ምክንያት ነበር። ኒውፖርት ገብተው አካዳሚውን ጨርሰው መኮንን የሆኑት ግን ያን ዓመት እንደ ነውር ሲደብቁት አልሰማሁም።

ወደ አካል ብቃቱ ልለፍ። አሠልጣኙ ወጣት፣ ትጉህና ራሱም የሚሮጥ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ፊሽካ የሚነፋ ዓይነት አይደለም። የጅማ ክረምት ምን እንደሚመስል ለምታውቁት መንገር አያስፈልግም፤ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ልጄ ስኒከሯን ታጥባ ሳይደርቅ በማግስቱ ታደርገው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ፑሽ አፕ የነበራት ልጅ በመስከረም ሃያ ሁለት ሠራች። ይህን ለመካድ አልችልም። የሚጎድለው አሠራር ነው፦ ሰውነት ሳይሟሟቅ በቀጥታ ወደ ዳገት ሩጫ መግባት የተለመደ ነበር፤ በዚህ የተነሣ ከልጄ ጋር የነበሩ ሦስት ልጆች የቅልጥም ሕመም ይዟቸው ለሳምንታት አንክሰዋል። በግቢው ውስጥ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን የሚባል ነገር አላየሁም። ወጣቱን ባናግረው ተቀበለኝና ከነሐሴ ጀምሮ አሥር ደቂቃ ማሟሟቂያ ጨመረ፤ ሣጥኑ ግን እስከ መጨረሻው አልተገዛም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። የወንድሜ ልጅ ወደ ሦስቱ የአሜሪካ አካዳሚዎች የሚያመለክት ሰው የሚፈተንባቸውን ስድስት የአካል ብቃት ዓይነቶች ዘርዝሮ ላከልን፦ ተንበርክኮ የቅርጫት ኳስ መወርወር፣ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ፣ በአጭር ርቀት መመላለስ፣ የሆድ እንቅስቃሴ፣ ፑሽ አፕ እና በመጨረሻም አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ልጄ ዝርዝሩን ለአሠልጣኟ አሳየችው፤ እርሱም በአንድ ቅዳሜ ሙሉውን አሠራቸው። የቅርጫት ኳስ ስላልነበራቸው በእግር ኳስ ተኩት። ሠላሳ አራት ወጣት በጉልበቱ ተንበርክኮ ኳስ ሲወረውር ያዩ የሰፈር ሰዎች ምን ዓይነት ጸሎት ነው ብለው በአጥር ላይ ተሰልፈው ተመለከቱ። ስድስቱን አከታትሎ መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም ግን ልጆቹ በዚያን ቀን ገባቸው፤ እያንዳንዱን ለብቻው የሚችል ሰው ሁሉንም በተከታታይ ይችላል ማለት እንዳልሆነ በዚያ ቅዳሜ የተማሩትን ያህል በሌላ ቀን አልተማሩም።

የእንግሊዝኛው ክፍል ደህና ነው፤ ከፎቶ ኮፒ ሃንድአውት ብዙ አይወጣም። አፕቲትዩዱም እንደዚያው።

የሴቶቹን ነገር ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ስምንት ሴቶች በተመዘገቡበት ግቢ ውስጥ ለሁሉም ያለው አንድ መጸዳጃ ቤት ብቻ ነው፤ ልብስ መቀየሪያ የሚባል ክፍል የለም፣ ልጆቹም ከሩጫ በኋላ ረጥበው ቤታቸው ተመልሰው ይቀይሩ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሩጫ ለመድረስ ከ11 ሰዓት በፊት ከቤት መውጣት ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት ባጃጅ ማግኘት ከባድ ነው፣ ቢገኝም ሴት ልጅን ብቻዋን አልሰድም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት እኔ ራሴ ጃንጥላ ይዤ አብሬያት ስሄድ ቆየሁ። ኋላ የስምንቱ እናቶች ተነጋግረን በወር ክፍያ አንድ የምናውቀውን ባጃጅ ያዝን። ማሠልጠኛው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር፤ ሴቶችን ተቀብሎ ማስታወቂያው ላይ ፎቶአቸውን መለጠፍ ብቻ አይበቃም። በአሜሪካ ሴቶች ወደ ሦስቱ አካዳሚዎች መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ቀድሞ ለወንድ ብቻ በተሠራ ግቢ ሴት ስትገባ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የመኝታና የመታጠቢያ ነገር መሆኑን ለመገመት ወታደር መሆን አያስፈልግም።

የቅዳሜው የታሪክ ክፍለ ጊዜ ከሒሳቡ ቀጥሎ የወደድኩት ነው። አንድ ቀን ልጄን ልወስድ ሄጄ ቀድሜ በመድረሴ ከኋላ ባለው የጅማ አናጺ በሠራው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ሻለቃው ስለ ሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት እየተናገሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1927 ዓ.ም. በአምስት የስዊድን መኮንኖች፣ በሻምበል ቪኪንግ ታም መሪነት ተከፈተ፤ ዕጩ መኮንኖቹ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ጣሊያን ጦርነቱን ጀመረ። ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ወደ ጦርነት የገቡት እነዚያ ወጣቶች፣ ከነዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ጋር የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቁመው በምዕራብ በኩል ከራስ እምሩ ጋር ተዋጉ፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። «ጎጀብ የት ነው?» ብለው ጠየቁ ሻለቃው። አንዱ ልጅ ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲኬድ የምንሻገረው ነው አለ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ። በአውቶቡስ እያንጎላጀ አሥር ጊዜ የተሻገረው ወንዝ እንደሆነ ያን ጊዜ የገባው ልጅ ብዙ ነበር፤ ከእኔ ጭምር። ሻለቃው ቀጥለው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሐረር ስለተከፈተውና የሕንድ መኮንኖች ያስተምሩበት ስለነበረው የሦስት ዓመት አካዳሚ አወሩ፤ የሚያወሩትም ያልተሟላ ሥልጠና ምን እንደሚያስከፍል ለማሳየት እንጂ ለመኩራራት አልነበረም።

እኚህ ሰው እንዲህ እያስተማሩ፣ በራቸው ላይ የሰቀሉት ማስታወቂያ ደግሞ ሌላ ይላል። በትልቅ ቀይ ፊደል «መግባትዎን እናረጋግጣለን» ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛው ወር ክፍያ ልከፍል ገብቼ አነሣሁባቸው።

«ሻለቃ፣ ይህን ማረጋገጥ የሚችለው ማን ነው? እርስዎ ነዎት ወይስ መከላከያ?»

«ወይዘሮ፣ ሰው እንዲመጣ ነው እንጂ፣ ማንም እንደዚያ አይረዳውም» አሉኝ።

«እኔ እንደዚያ ተረድቼው ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ሳቁ፤ ማስታወቂያውን ግን አላወረዱም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕጩ መኮንን የሚመለምለው መከላከያ ነው፤ ማስታወቂያውን የሚያወጣው፣ ዕድሜን፣ ቁመትን፣ ጤናንና የትምህርት ውጤትን የሚመዝነው እርሱ ነው፤ የግል ማሠልጠኛ በዚህ ላይ ምንም ድምፅ የለውም። የባሕር ኃይሉ የራሱ የሆነው የኒውፖርት መሰናዶ እንኳ ለተማሪዎቹ ቦታ ይዤላችኋለሁ አይልም፤ ትምህርቱን ማለፍ፣ የአካል ብቃቱን ማሟላትና የድጋፍ ቃል ማግኘት እንዳለባቸው አስቀድሞ ይነግራቸዋል። በአሜሪካም ገንዘብ የሚያስከፍሉ መሰናዶዎች አሉ፤ በአላባማ እንደሚገኘው እንደ ማሪዮን ወታደራዊ ተቋምና እንደ ኒው ሜክሲኮ ወታደራዊ ተቋም ያሉት ወደ አካዳሚዎቹ ለሚያመለክቱ የተዘጋጀ የአንድ ዓመት ፕሮግራም አላቸው። ስለዚህ ክፍያው በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ በእጅ የሌለውን ነገር መሸጥ ነው። በበኩሌ እንዲህ ያለውን ቤት የምመዝነው ስንት ልጅ አስገባ ብዬ ሳይሆን፣ ሳይገባ የቀረው ልጅ ምን ይዞ ወጣ ብዬ ነው፤ ልጄም ሳትገባ ከቀሩት አንዷ ስለሆነች ይህን ለመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል።

የቀረችውም በዓይኗ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ለምልመላ ስትቀርብ ሩጫውን አልፋ፣ ቁመቷ ተለክቶ፣ የትምህርት ማስረጃዋ ታይቶ፣ የዓይን ምርመራው ላይ ሩቅ ያለውን አጥርታ እንደማታይ ተገኘ። በዚያው ተመለሰች። መርማሪዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፣ በእነርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ አራት ወር ሙሉ ክፍያ ሲቀበል በነበረው ማሠልጠኛ ላይ ነው። በምዝገባው ቅጽ ላይ የአባት ስም፣ የቀበሌ መታወቂያና የቱታ ቁጥር ተጠይቄአለሁ፤ ስለ ዓይን፣ ስለ ጆሮ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ቀድሞ ስብራት አንድም ጥያቄ አልነበረም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፤ ምርመራው ግማሽ ቀን የሚፈጅ ጉዳይ ነው። የወንድሜ ልጅ የዓይኑን፣ የጆሮውንና የመላ ሰውነቱን ምርመራ የጨረሰው ኒውፖርት እግሩ ከመርገጡ በፊት ነበር፤ በሕክምና ብቁ ያልሆነን ልጅ ዓመት ሙሉ አለፋፍቶ መጨረሻ ላይ መመለስ ለማንም አይጠቅምምና።

የሒሳብ መምህሩ ሳይቀሩ ልጄ ከጎረቤቷ ደብተር እንደምትገለብጥ አይተው ከፊት አስቀምጠዋት ነበር፤ ምልክቱን አይተዋል፣ ምክንያቱን ግን አልጠየቁም። እኔስ? ቴሌቪዥን ስታይ ወደ ፊት እንደምትጠጋ አሥር ጊዜ ተቆጥቼአታለሁ እንጂ ለምን እንደምትጠጋ አልጠየቅኳትም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በእነርሱ ላይ አልጭንም። ነገር ግን አዘጋጃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ከእናት ይልቅ የምልመላውን መስፈርት ማወቅ አለበት፤ የሚከፈለውም ለዚያ ነው።

ስለ ደረሰኝ ባጭሩ፦ የመጀመሪያው ወር ደረሰኝ የተሰጠኝ ከልጆች ደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ያለ ማኅተም ነው። ከሦስት ጊዜ ጥያቄ በኋላ የታተመ ደረሰኝ መጣ። በመሀል ለአንድ ሳምንት አሠልጣኙ በመታመሙ ሩጫ አልነበረም፤ ለዚያ ሳምንት የተመለሰ ገንዘብ የለም።

ልጄ በብሔራዊ ፈተናው ከግማሽ በላይ አምጥታ ስለነበር አሁን በጅማ ዩኒቨርሲቲ በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ምሕንድስና ለመማር ገብታለች፤ መነጽርም ተሠርቶላታል። በመጀመሪያው ሴሚስተር በሒሳብ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቿ ሁሉ የተሻለ ውጤት ያመጣች እርሷ ነች፤ ማታ ማታ የምታስረዳቸውም እርሷ እንደሆነች ትነግረኛለች፤ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ማስረዳት ከማን እንደተማረችው አውቃለሁ። እሑድ ማለዳ ወደ ቤት ስትመጣ አሁንም እስከ ጅሬን ትሮጣለች። ከእርሷ ጋር ከነበሩት ሴቶች ሁለቱ ምልመላውን አልፈዋል፤ የመሸኛ ቡና የፈላው እኛ ቤት ነበር። የወንድሜ ልጅም ኒውፖርትን ጨርሶ አናፖሊስ ገብቷል፤ ለእርሱ ደግሞ ያስቸገረው ሒሳብ ሳይሆን ዋና ሆኗል።

ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ በመጪው ክረምት እዚያው ግባ ብለውኛል ብሎ እየለመነኝ ነው። ባለፈው ሳምንት የዓይንና የጆሮ ምርመራ አስደርጌለት ውጤቱን ይዤ ወደ ማሠልጠኛው ሄድኩ። ቀዩ ማስታወቂያ አሁንም እንደተሰቀለ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ግን ሁለት ሆኗል፣ በምዝገባው ቅጽ ግርጌም በእጅ ጽሑፍ «የዓይን ምርመራ ውጤት ይቅረብ» የሚል መስመር ተጨምሯል። የሒሳብ መምህሩ በክረምቱም እንደሚያስተምሩ ካረጋገጥኩ በኋላ የምዝገባውንና የአንድ ወር ብቻ ከፈልኩ። ቱታውን ከመርካቶ እገዛለሁ ብዬ ለሻለቃው ነግሬያቸዋለሁ፤ አልተከራከሩኝም። ደረሰኙ ማኅተም አለው።